ኮሌጅ ለመቀየር የተላኩ ሽማግሌዎች

የተሳሳተ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ የሚገባችሁ መምህሩ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ነው። ደብተራችሁን አውጥታችኋል፣ ካፖርታችሁን ወንበሩ ላይ ሰቅላችኋል፣ በሩ ደግሞ ከመምህሩ አጠገብ ነው። ለመውጣት በሰው ሁሉ ፊት ማለፍ ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ አፍራችሁ ትቀመጣላችሁ። አብዛኛው ሰው እንዲህ የሚቀመጠው ለአንድ ሰዓት ነው። ለዓመታት የሚቀመጡም አሉ፤ የእኔ ሥራ እነሱን ማስተናገድ ነበር።

የሥራ ዘመን ትዝታ ለመጻፍ መጀመሪያ ጡረታ ውጪ የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ዕድሜዬ ገና ነው። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ ወጥቼ የሒሳብ መምህርት ከሆንኩ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቴ ድራይቭ ሳደርግ ያ ሥራ ይናፍቀኛል። ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በውስጡ ብዙ ኮሌጆች አሉት። የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ አለ። ሊበራል አርትስ የሚባል ኮሌጅም አለ፤ ይኸኛው ታሪክን፣ ቋንቋን፣ ጂኦግራፊን፣ ፍልስፍናንና ቲያትርን የመሳሰሉትን ይይዛል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ግቢ፣ አንድ መታወቂያ፣ አንድ ካፊቴሪያ ነው። ከውስጥ ግን እያንዳንዱ የራሱ ዲን፣ የራሱ ደንብና የራሱ በር አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ክፍል እንደ መቀየር ሳይሆን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እንደ መዛወር ነው። የሚሸኝ ያስፈልጋል፣ የሚቀበል ያስፈልጋል፣ በመሀል የሚጠፋ ዕቃም አይታጣም። የሚጠፋው ዕቃ ክሬዲት ይባላል፤ ተማሪው አንድ ኮርስ በጨረሰ ቁጥር የሚያዝለት ነጥብ ነው።

እኔም ራሴ ተሻግሬያለሁ። ኢንጂነሪንግ ጀምሬ ሊበራል አርትስ ነው የጨረስኩት። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ሥራዬ በኢንጂነሪንግ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ካልኩለስ የከበዳቸውን ማስጠናት ነበር። አለቃችን አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ነበሩ፤ ደንባቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ የተማሪውን እርሳስ አትንኩ። እርሳሱን ከእጁ የወሰዳችሁ ዕለት ጥያቄውን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ ይሉ ነበር። እኔ ይህን ደንብ በየሳምንቱ እጥስ ነበር። ማስረዳት እወዳለሁ፤ እጄ ዝም አይልም።

ስመረቅ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ግቢውን ከሚከፍለው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ በሊበራል አርትስ የአማካሪዎች ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዙ የቤት ኪራይና የመኪና ኢንሹራንስ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። ጥቂት ቆይቼ የጋሽ ገመቹ ረዳት ሆንኩ።

ጋሽ ገመቹ ከአርሲ የመጡ፣ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ቢሮ እንግሊዝኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ የሚናገሩ፣ ዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ይዘው የሚመጡ አማካሪ ናቸው። ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። ጠረጴዛቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀውታል። ሁለቱ ወንበሮች ጎን ለጎን ሆነው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው መልስ ይሰጣል፣ ጎን ለጎን የተቀመጠ ግን ያስባል ይሉኛል።

ፈተና በወደቀ ማግስት የሚመጣ ተማሪ ካለ ሻይ ሰጥተው ይሸኙታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ና ይሉታል። ፈተናው ያስኮረፈው እስከዚያ ይረሳዋል፣ ልቡ የወጣው ግን ይመለሳል። ለሚመለሰው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ውጤት አይደለም። እሁድ ቁጭ ስትል የየትኛውን ኮርስ የቤት ሥራ ቀድመህ ትከፍታለህ ነው የሚሉት። ብዙዎች ይህን ተጠይቀው አያውቁም፤ ጣሪያ ያያሉ።

ዕቅድ ሲሠሩ ደግሞ ከመጨረሻው ይጀምራሉ። መጀመሪያ የመመረቂያውን ሴሚስተር ይጽፋሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ ይህን ለመውሰድ ያንን መጨረስ አለብሽ እያሉ፣ እስከ ዛሬ ይመጣሉ። ከዛሬ ተነስቶ ወደ ፊት የሚያቅድ ሰው ከሚወዳቸው ኮርሶች ይጀምርና መጨረሻ ላይ መንገዱ ይዘጋበታል። ይህን ዘዴ ዛሬም ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አስተምራለሁ።

እኔን መምህርት እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ ለቀልድ ነው። አንድ ተማሪ ሽንት ቤት የት ነው ብሎ ቢጠይቅሽ የሕንፃውን ታሪክ ነግረሽ ነው የምትልኪው ይሉኛል።

ቤቲ ወደ ቢሯችን የመጣችው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነበር። የሁለተኛ ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ አፕል ቫሊ በምትባል የከተማ ዳርቻ ይኖራሉ። ፈተና አልወደቀችም። ውጤቷ ጥሩ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነበር። የሚወድቅ ተማሪ ለቤተሰቡ የሚነግረው ምክንያት አለው፤ የሚያልፍ ተማሪ ምን ይላል?

ጋሽ ገመቹ የእሁዱን ጥያቄ ሲጠይቋት ጣሪያ አላየችም።

«ጂኦግራፊ» አለች። «ግን ኢሌክቲቭ ነው፤ የምርጫ ኮርስ ስለሆነ አይቆጠርም።»

«ለማነው የማይቆጠረው?» አሏት።

ከዚያ ስለዚያ ኮርስ ማውራት ጀመረች። ሌክ ስትሪት በሚባለው የንግድ ጎዳና ላይ የትኛው ሱቅ በየትኛው ዓመት ተከፍቶ የትኛው እንደተዘጋ፣ ባለሱቆቹ ከየት መጥተው የት እንደሚኖሩ ካርታ ሠርታለች። ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ሰዎቹን በአማርኛ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ጠይቃለች። ስትናገር እጇ እንደ እኔ ዝም አይልም ነበር፤ ወደድኳት።

ዕቅዱን ሠራን። ከመጨረሻው ተነስተን ወደ ኋላ ስንመጣ ሁሉም ገጠመ፤ ካልኩለሱ ለሊበራል አርትስ የሒሳብ ግዴታ ይያዝላታል፣ የሚጠፋባት ክሬዲት ጥቂት ነው። የቀረው ማመልከቻው ላይ መፈረም ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። አባቷን ሳትነግር እንደማትፈርም፣ ለአባቷ መንገር ደግሞ እንደማትችል ነገረችን።

አባቷ አቶ ታደሰ ፍሪድሊ ከተማ ውስጥ የልብ ሕክምና መሣሪያ በሚሠራ ፋብሪካ በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ክፍሎች ይገጣጥማሉ። ከሚሠሩበት ክፍል ትይዩ የመስታወት ግድግዳ አለ፤ ከመስታወቱ ማዶ ኢንጂነሮቹ ይቀመጣሉ። ቤቲ ኢንጂነሪንግ የገባች ዕለት አቶ ታደሰ ለሥራ ጓደኞቻቸው ኬክ ገዝተው፣ ልጄ ከመስታወቱ ወዲያ ልትሆን ነው ብለው አብልተዋቸዋል። ቤቲ ይህን ስትነግረን ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም።

መፍትሔውን ያመጡት እናቷ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ሴንት ፖል ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ፤ አንድ ቀን ከነዩኒፎርማቸው ከልጃቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው እሷም እሳቸውም ቢናገሩት እንደማይሰማ፣ ሽማግሌን ግን እምቢ ብሎ መልሶ እንደማያውቅ ነገሩን። ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ጉዳዩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ጎረቤታችን አብዱም ይጨመራል አሉ።

ጋሽ ገመቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ። አማካሪ ተማሪው ቤት አይሄድም። በዚህ አገር ከተማሪ ፋይል አንዲት ቃል ለወላጅ የምትነገረው ተማሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው። በመጨረሻ የተስማሙት እንደ አንድ የአገር ሰው ብቻ ለመሄድ ነው፤ እኔንም አስከተሉኝ። እሁድ ዕለት አፕል ቫሊ ስንደርስ የሥራ ባጃቸውን ከአንገታቸው አውልቀው መኪና ውስጥ ተዉት፤ የኔንም አስወለቁኝ። ከፋይሏ ምንም አንናገርም አሉኝ።

በሩ ላይ ጋሽ አብዱ ይጠብቁን ነበር። የባሌ ሰው ናቸው፣ የጭነት መኪና ይነዳሉ፣ ከቤቲ ቤት አጥር ለአጥር ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ሽማግሌ ሲባል ፂም ያለው መስሎኝ ነበር አሉ።

አቶ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ተቀበሉን። ተቀመጡ አሉን። በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ሦስታችንም ቆምን። ያኔ አቶ ታደሰ ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ገመቹ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አቶ ታደሰ እጃቸውን አነሱ።

«ክብረት ይስጥልኝ፤ አክብራችሁኝ መጥታችኋል» አሉ። «የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልጠይቃችሁም። ልጄ ገና ተማሪ ናት። ኢንጂነር ሳትሆን የማንም ሚስት አትሆንም።»

ለካስ እትዬ ጥሩወርቅ ፈርተው፣ እሁድ ሽማግሌ ይመጣል ከማለት በቀር ሌላ አልነገሯቸውም። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ወጣት ሁሉ በጥርጣሬ ሲያዩ ሰንብተዋል። ከወጥ ቤት አንድ ሰሐን ሲወድቅ ሰማን። ጋሽ አብዱ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞክረው አልቻሉም።

«ታዴ፣ እኛ ለጋብቻ አልመጣንም» አሉ። «እንዲያውም ለፍቺ ነው። ከኢንጂነሪንግ ልናፋታት ነው።»

አቶ ታደሰ መጀመሪያ እፎይ አሉ፤ ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። ተቀመጥን። ቀስ ብሎ ነገሩ ሲገባቸው ግን ዝም አሉ። ያንን ዝምታ ለጋሽ ገመቹ ትቼላቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። ዝምታ ስለማልችል እኔ ገባሁበት። የቤቲን ፈቃድ በዓይኔ ጠይቄ ዕቅዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከመጨረሻው ሴሚስተር ጀመርኩ። ስለ ክሬዲት አስረዳሁ፣ ስለ ግዴታ ኮርሶች አስረዳሁ፣ ጂኦግራፊ ያጠኑ ሰዎች የት የት እንደሚሠሩ አስረዳሁ፣ ካርታ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁ። አቶ ታደሰ በጨዋነት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እንደዚያን ቀን ጥርት አድርጌ አስረድቼ የማውቅ አይመስለኝም።

ስጨርስ፣ «ካርታ እኮ ስልኬ ውስጥ አለ» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

«በደንብ ነው ያስረዳሽኝ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ቀጠሉ። «ግን እዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሁሉም ሰው ተናገረ።»

ቤቲ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። በእንግሊዝኛ ጀመረች። አባቷ በአማርኛ ንገሪኝ አሏት። አማርኛው አልመጣላትም፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ ወደ ፎቅ ወጣች። አቶ ታደሰም ተነሱ። ሽማግሌ እንዲህ ባለ ጉዳይ አንዴ ባይሳካለት ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። እኛ ቀጠሮ አልተሰጠንም። መልሴ አይሆንም ነው ብለው እስከ በር ሸኙን።

በመኪና ስንመለስ፣ አውራ ጎዳናው ስንገባ፣ ጋሽ ገመቹ ባጃቸውን አንስተው መልሰው አጠለቁ። ከዚያ፣ ዛሬ ጥሩ ትምህርት ሰጠሽ መምህርት፣ ተማሪው የትኛው እንደሆነ ብቻ አልገባኝም አሉኝ። እርሳሱን ከቤቲ እጅ ወስጄ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ቤቲ በማግሥቱ መጥታ ዕቅዱን ጣሉት አለችን። የማመልከቻው ጊዜ አለፈ፤ ለቀጣዩ ሴሚስተር ቴርሞዳይናሚክስና ሌሎች የኢንጂነሪንግ ኮርሶች ተመዘገበች። በረዶው ሲጠነክር ከክፍል መቅረት ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሯችን ጎራ ብላ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ፣ ኮሌጅ መቀየሩን እንደተወችው፣ ዩኒቨርሲቲውን ራሱን ልትተወው እንደሆነ ነገረችን። የቀልዷን አልነበረም። እንዲህ ቆመው የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ተመልሰው አይመጡም።

ጋሽ ገመቹ ለአባቷ ስልክ ለመደወል ፈቃድ ጠየቋት። ከክፍል ስለ መቅረቷ እንዳይነግሯቸው ቃል አስገብታቸው ፈቀደች። ስልኩን ሲያወሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ስለ ትምህርት አላነሱም። ልጅዎ በየቀኑ የምትሄድበትን መንገድ አይተውት ያውቃሉ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። አቶ ታደሰ ግቢውን የረገጡት ዕቃዋን ያስገቡ ዕለት ብቻ ነበር። ይምጡና ከእሷ ጋር ይራመዱ አሏቸው።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው ላስረዳ። ሚሲሲፒ ወንዝ ግቢውን ለሁለት ይከፍለዋል። ኢንጂነሪንግ በምሥራቅ ነው፣ ከሊበራል አርትስ ብዙው በምዕራብ። በመሀል ረጅም ድልድይ አለ፤ ታች መኪና፣ ላይ እግረኛ ይሄድበታል። ነፋሱ ከወንዙ ተነስቶ ፊት ይገርፋል።

አቶ ታደሰ የማታ ተረኛ በሆኑበት ሳምንት፣ ከሥራ በፊት መጡ። በረዶው መቅለጥ የጀመረበት ወቅት ነበር፤ ወንዙ ላይ ትልልቅ የበረዶ ስባሪዎች ይንሳፈፋሉ። ጋሽ ገመቹ አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው፤ እስከ ማዶ እሷ ትናገር፣ እርስዎ ማዶ ሲደርሱ ይመልሳሉ። ከዚያ እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ። በሩቁ ተከተልናቸው። አንዳንድ ቃል ነፋሱ ያመጣልን ነበር፤ የቀረውን ቤቲ በኋላ ነግራኛለች።

መጀመሪያ ምንም አላለችም። የድልድዩ መሀል ከመድረሳቸው በፊት አባቷ ልመናውን አፈረሱ።

«በእንግሊዝኛ ንገሪኝ ከፈለግሽ» አሏት። «እሰማለሁ።»

እሷ ግን ሁለቱንም እየቀላቀለች ተናገረች።

«አባዬ፣ ኢንጂነሪንግ አልከበደኝም። ቢከብደኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክላስ እገባለሁ፣ ሆምወርክ እሠራለሁ፣ ኤ አመጣለሁ፣ ግን እኔ እዛ የለሁም።»

ስለ ሌክ ስትሪት ካርታዋም ነገረቻቸው። ከክፍል መቅረቷንም ራሷ ነገረቻቸው። አቶ ታደሰ ቆሙ። እኛም ኋላ ቆምን። ሊቆጡ ነው ብዬ ልሮጥ ስል ጋሽ ገመቹ ክንዴን አልለቀቁትም።

«ታዲያ ሽማግሌ ለምን ላክሽብኝ?» አሉ አቶ ታደሰ። «ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሰው ቤት ነው። ወደ ገዛ አባት ቤት ሽማግሌ ይላካል?»

«ፈራሁህ።»

«እኔን?»

ይህችን ቃል እኛም ሰማናት። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ወደ ማዶ ተራመዱ። አቶ ታደሰ ያን እሁድ ልጃቸውን የከለከሉበት ምክንያት ኢንጂነሪንግ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌ ቤታቸው መቆሙ ብቻ ልጃቸው እንደ ባዕድ እንደምታያቸው ነግሯቸው ነበር። እኛ ያከበርናቸው መስሎን ነበር፤ ደንቡን የምናውቅ ሰዎች ሆነን ደንቡን ለማን እንደምናውለው ግን አላሰብንም።

የድልድዩ ጫፍ ላይ አቶ ታደሰ ዞረው ጠበቁን። ቤቲ አፍንጫዋን በጓንቷ እየጠረገች ነበር። እሳቸው ኮታቸውን ቆለፉና እንደዚያ እሁድ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ከእሷ ጋር ተነጋግረናል» አሉ። «እናንተ ግን ሽማግሌ ሆናችሁ መጥታችሁ አይሆንም ብዬ መልሻችኋለሁ። መልስ ይገባችኋል። የጀመረችውን ሴሚስተር ታቋርጥ ዘንድ አልፈቅድም፤ ትጨርሰው። ከዚያ በኋላ ሰጥቻለሁ።»

ሰጥቻለሁ የሚለው ቃል ልጁን የሚድር አባት ለሽማግሌ የሚሰጠው ቃል ነው። ጋሽ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በደንቡ መሠረት እጅ ነሡ፤ እኔም ነሣሁ። መንገደኛው ተማሪ ሁሉ እያየን ያልፋል። አቶ ታደሰ ሰዓታቸውን አዩና ወደ ፍሪድሊ ሄዱ፤ ሥራ ሊረፍድባቸው ነበር።

ቤቲ ያን ሴሚስተር በጭንቅ ጨረሰችው፤ ቴርሞዳይናሚክስን ያለፈችው ለጥቂት ነው። የቀረችባቸው ቀናት ዋጋ አስከፍለዋታል። በበልጉ የማመልከቻ ጊዜ አመልክታ ተሻገረች። ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ አላውቅም፤ ሕይወቷ ገና ነው። አባቷ ለሥራ ጓደኞቻቸው ሁለተኛ ኬክ ገዝተው እንደሆነ ግን ጠይቄያት ነበር። አልገዙም። ምን እያጠናች እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ለረጅም ጊዜ ያስረዳሉ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እኔም ብዙ አልቆየሁም። ጋሽ ገመቹ አንድ ቀን ሻይ ቀድተውልኝ፣ ጎን ለጎን በተቀመጥንበት፣ እኔን ራሴን እንደ ተማሪ መከሩኝ። የዚህ ቢሮ ሥራ መስማት ነው፣ አንቺ ማስረዳት ነው የምትወጂው፣ እሱን የሚፈልግ ክፍል ሙሉ ልጅ የሆነ ቦታ ይጠብቅሻል አሉኝ። እሁድ ቀድሜ የምከፍተው ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ያውቁታል። የመምህርነት ፈቃዴን ለማግኘት ማታ ማታ ተማርኩ። ዛሬም ስልክ እንደዋወላለን፤ አሁን መምህርት ሲሉኝ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ልለምናችሁ። ልጃችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ ትምህርቴን ልቀይር ብላ የመጣች ቀን ሶፋ ላይ አትቀመጡ፣ ሰው አትጥሩ፣ ወረቀት አትዘርጉ። ካፖርታችሁን ልበሱና አብራችሁ ውጡ። ድልድይ ካለ ድልድይ፣ ከሌለ አንድ ረጅም መንገድ ምረጡ። በየትኛውም ቋንቋ ትናገር። እናንተ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ አትመልሱ። ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር፣ ለእናንተም ሳይሆን አይቀርም። ልጆቹ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት አባታችሁን ራሳችሁ ኑ እንውጣ በሏቸው። አንዴ ሞክሩት።